መብራት እንዴት ሰነበተ?

ሥራዬን ለአበሻ ማስረዳት እንዳቃተኝ አለሁ። ካልጋሪ ዳውንታውን አንድ ፎቅ ላይ ተቀምጬ በየሰኞው ያለፈውን ሳምንት የኤሌክትሪክ ጅምላ ገበያ እጽፋለሁ፤ ዋጋው መቼ ወጣ፣ መቼ ወረደ፣ ነፋሱ ስንት አመነጨ፣ ጋዙ ስንት። ይህን ስናገር አንዱ "እንዴ፣ መብራት ኃይል ገባህ?" ብሎኛል፤ ቆጣሪ የማነብ መስሎት። ባለቤቴ ራሷ ሰው ሲጠይቃት "ኮምፒውተር ላይ ነው የሚሠራው" ብላ ትገላገላለች። አልፈርድባትም፣ ራት ላይ ስጀምር ልጆቹም ሳህናቸውን ይዘው ይነሳሉ። አርፈው ቁጭ ብለው የሚሰሙኝ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ጋሼ።

ጋሼ በሥጋ አይዘመዱኝም። ማንንም ሳላውቅ እዚህ አገር ስገባ ከቤተክርስቲያን ተልከው ኤርፖርት የጠበቁኝ እሳቸው ናቸው፤ በስሱ ሹራብ ስወጣ አይተው የራሳቸውን ካፖርት አውልቀው አለበሱኝ። ሞንተሬይ ፓርክ ባለው ቤታቸው ቤዝመንት፣ ሥራ እስካገኝ ድረስ አስቀመጡኝ። አባቴን በልጅነቴ ያጣሁ ሰው ነኝ፤ "ልጄ" ሲሉኝ አንጀቴ ይንሰፈሰፍ ነበር። ምን ልደብቅ፣ አባት አገኘሁ ብዬ ነበር።

አግብቼ ከከተማው ወጣ ብሎ ቸስተርሚር ከገባሁም በኋላ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እሳቸው ጋ ሳልደርስ ቤቴ አልገባም። ጉልበታቸው ስለደከመ በብርድ አይወጡም። በሩን የሚከፍትልኝ ብዙ ጊዜ አማቻቸው፣ የልጃቸው ባል ነው፤ አብሯቸው ይኖራል። ሽያጭ ላይ እንደሚሠራ አውቃለሁ፤ ምን እንደሚሸጥ ግን ጠይቄው አላውቅም። ጋሼ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ከሶፋቸው ላይ ሆነው ይጣራሉ፦ "መብራት እንዴት ሰነበተ?"

እንደ ሰው! ታሞ እንደከረመ ዘመድ! እኔማ በዚች ጥያቄ ሞቼላቸው ነበር።

"ጠጋ በል ወዲህ፣ ቀስ እያልክ ንገረኝ፤ ጆሮዬ ደክሟል" ይሉኛል። መነጽራቸውና ስልካቸው ከተቀመጡባት ትንሽ ጠረጴዛ አጠገብ እቀመጥና፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ቃል በቃል እየለየሁ እዘረግፈዋለሁ። ሰኞና ማክሰኞ በደቡብ በኩል ሲነፍስ ሰነበተ፣ ዋጋው መሬት ነካ፤ ሐሙስ ነፋሱ ጸጥ ሲል በጋዝ የሚሠሩት ማመንጫ ጣቢያዎች ተጠሩ፣ ዋጋው ተሰቀለ። ለአንድ ሰዓት የሚያስፈልገው ኃይል እስኪሞላ ጣቢያዎቹ ከርካሹ ጀምረው እንደሚጠሩ፣ መጨረሻ የተጠራው ያለው ዋጋ ደግሞ ለሁሉም እንደሚከፈል የነገርኳቸው ቀን ጭናቸውን መቱ። "ዋጋ የሚቆርጠው መጨረሻ የመጣው ነው? ይሄማ ዓይን ያወጣ ሌብነት ነው!" አሉ። እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። በዚያ ሳቅ ሳምንቱን ሙሉ እሠራበት ነበር።

አንድ ነገር ላይ ብቻ አልተግባባንም። እዚህ መብራት ስታስገባ ምርጫ ይሰጥሃል፤ ወይ ዋጋውን ፊክስ አድርገህ ትፈርማለህ፣ ወይ ከገበያው ጋር እንዲወጣና እንዲወርድ ትተወዋለህ፣ ፍሎት ይሉታል። ጋሼ ድሮ መርካቶ የጨርቅ ሱቅ ነበራቸውና ፊክስ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸው ይኮሳተራል።

"ፊክስ ነው የምለው እኮ ዓይኑን ማየት ላልፈለግኩት ሰው ነበር። ክርክር የለም፣ ሂድልኝ ማለት ነው። ለሚወዱት ሰው ይቀነሳል እንጂ ፊክስ ይባላል?"

"ጋሼ፣ የዚህ አገር ፊክስ ሌላ ነው። ገበያው ሲያብድ አብረው እንዳያብዱ ነው።"

"እሱን እንኳ ተወው" ብለው እጃቸውን ያወናጭፋሉ። ደግሞ ብዙ አበሻ እንደሳቸው ነው የሚያስበው፤ ፊክስ ሲሉት የተሰደበ ይመስለዋል።

ያለፈው ክረምት ያ የማልወደው ሳምንት መጣ። ብርዱ ከረረ፣ ነፋሱ ደግሞ ቀጥ አለ። ከተማው ሁሉ ማሞቂያውን ለኩሶ የነፋስ ተርባይኖቹ እንደ ደረቀ ዛፍ ቆመዋል። የሰኞውን ሪፖርት ስጽፍ፣ ፍሎት ያሉ ሰዎች ቢል ሲመጣላቸው ምን ይውጣቸዋል ብዬ አዘንኩ። ያዘንኩት ለማላውቃቸው ሰዎች መስሎኝ ነበር።

ቢሉ ከደረሰ በኋላ በነበረው እሑድ፣ ከቅዳሴ ስወጣ ካስልሪጅ የሚኖሩ አንዲት እትዬን ሰላም ልል እጄን ዘረጋሁ። እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ባዩኝ ቁጥር ልጆቼን የሚጠይቁኝ ሴት ናቸው።

"ምን አጠፋሁ እትዬ?"

"ታሾፋለህ ደግሞ? ፊክስ አታድርጉ ብለህ ያስፈረምከኝ አንተ! ይኸው የኤሌክትሪክ ማሞቂያዬን አጥፍቼ በጋቢ ተጠቅልዬ አድራለሁ።"

"እኔ? እኔ መቼ አስፈርሜ አውቃለሁ?"

ፓርኪንጉ ውስጥ ሞተሩ ሳይጠፋ ወደቆመው መኪናቸው ጎትተው አስገቡኝና ስልካቸውን ከፈቱ። የጋሼ አማች በቴሌግራም የላከላቸው ድምፅ ነው። መጀመሪያ የተሰማው የጋሼ ድምፅ፦ "ጠጋ በል ወዲህ፣ ቀስ እያልክ ንገረኝ።" ቀጥሎ እኔ፣ ጥርት ብዬ፣ እንደ ዜና አንባቢ፦ "በዚህ ሳምንት ዋጋው ወድቋል፤ ነፋሱ አላሳፈረንም። ፊክስ ያደረገ ሰው ዘንድሮ በከንቱ እየከፈለ ነው።"

አለቀ። ያን ቀን የቀጠልኩት ግን ትዝ ይለኛል። ይሄ የመኸር ነፋስ ነው፣ ብርድና ጸጥታ የተገጣጠሙ ለት ጉድ ይፈላል፣ ያኔ እንቅልፍ የሚወስደው ፊክስ ያለው ሰው ነው ብያለሁ። እሱን ቆርጠውታል።

"የመብራት ውል የሚሸጠው የጋሼ አማች፣ ካምፓኒው ውስጥ የሚሠራ የኛ ልጅ ነው፣ እመኑት ብሎ ነው የላከልን" አሉኝ እትዬ። ያልኩትን ሁሉ ነገርኳቸው። ማመናቸውን እንጃ፤ ብቻ ስወርድ "ልጆቹስ ደህና ናቸው?" አሉኝ።

ሞንተሬይ ፓርክ እንዴት እንደነዳሁ አላውቅም። ደሜ ፈልቷል፤ ግን መንገዱን ሙሉ ስጸልይ የነበረው ጋሼ ምንም አያውቁም እንዲሉኝ ነው። አማቹ ሰርቆ ቀድቶ ይሆናል፣ እሳቸው የት አውቀውት! በሩን ራሱ አማቹ ከፈተልኝና ፊቴን አይቶ ወደ ኩሽና ሾለከ። ጫማዬን ሳላወልቅ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ጠየቅኳቸው።

"ድምፄን እየቀዱ ይልኩ ነበር፣ ጋሼ?"

አልደነገጡም። "ታዲያ ምን አለበት? የልጄ ባል ነው። የሚፈርምለት አጥቶ ቤቷ ሊፈርስ ነበር።"

"እትዬ በብርድ እያደሩ ነው!"

"እሷን እግዜር አይጥላትም።"

ከኩሽና አማቹ፣ እኔ እንኳ ለመስማት በተቸገርኩት ሹክሹክታ፣ "ሻይ ላምጣ?" አለ። ጋሼ ዞር ሳይሉ "ለሱም ጨምር፣ ስኳር አታብዛ" አሉት።

ያን ጊዜ ቅስሜ ስብር አለ። ለዚያ ጆሮ ነበር በየእሑዱ ስጮህ የኖርኩት።

"ጆሮዎ ደህና ነው ማለት ነው" አልኳቸው።

"አሁን ይሄ ምን ያስኮርፋል?" አሉ፣ እንደ ሕፃን ሊያባብሉኝ። "እውነቱን ልንገርህ? የምታወራው አንድም ቀን ገብቶኝ አያውቅም። አንተ ማውራት ትወዳለህ፤ አወራህ። ምን ጎደለብህ?"

ያ ሁሉ ሳቅ፣ ጭን መምታቱ፣ ካፖርቱ ሳይቀር ባንድ ጊዜ ፊቴ ላይ መጣ። ጋሼ ሳልሄድ መቆሜን እንደ እርቅ ቆጠሩት መሰለኝ፣ አጠገባቸው ያለውን ቦታ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። ስልኳ ጠረጴዛዋ ላይ እንደተለመደው በፊቷ ተደፍታለች።

"በል ና ተቀመጥ። መብራት እንዴት ሰነበተ?"

"ፊክስ ነው፣ ጋሼ" አልኳቸው።

እጃቸው ሶፋው ላይ ቀረ። ይቺን ቃል ማንም ሊያስረዳቸው አያስፈልግም። ጫማዬ እግሬ ላይ ስለነበር ለመውጣት አልቸገረኝም።