አንገተ ቆልማማዋ መነጽር

ከዓረብ አገር የተመለስኩ ቀን ከሻንጣዬ የሚወጣውን ለማየት ጎረቤቱ ሁሉ ቤታችን ሞልቶ ነበር። ብርድ ልብሱ ወጣ፣ የእናቴ ሽቶ ወጣ፣ ስልኩ ወጣ። በመጨረሻ ከረጅሙ ካርቶን ውስጥ ወፍራም ነጭ ቱቦ ሲወጣ ግን ሁሉም አንገቱን አስግጎ አየ። «የምን ቧንቧ ነው?» አለች እናቴ። ቴሌስኮፕ ነው፣ ጨረቃን አቅርቦ የሚያሳይ ነው ብዬ ባስረዳትም ፊቷ አልተፈታም። የሰው ልጅ ፍሪጅ ይዛ ስትመጣ የሷ ልጅ ቧንቧ ተሸክማ መጣች።

ቴሌስኮፑ የአሠሪዎቼ ነበር። የቤቱ ጌታ በጉጉት ገዝቶት ትንሽ ጊዜ ጣሪያ ላይ ከተጫወተበት በኋላ ሰለቸው፤ ከዚያ ወዲህ አቧራውን መጥረግ የኔ ሥራ ሆነ። እሱ ሲያስተካክለው አጠገቡ ሻይ ይዤ ቆሜ አይ ስለነበር አያያዙን ለምጄዋለሁ። የተሰጣ ልብስ ላነሳ በወጣሁ ቁጥርም አንድ ጊዜ ሳላይበት አልወርድም ነበር። ኮንትራቴ አልቆ ስሰናበት እመቤቲቱ «ውሰጂው፣ ቦታ ይዞብኛል» አለችኝ። እኔም ዓይኔን ሳላሽ ወሰድኩት።

የወሰድኩት ለአባቴ ብዬ ነው። አባቴ የረመዷንን ጨረቃ ለማየት ከሰፈራችን በላይ ወዳለው ጉብታ ከሚወጡት ሰዎች አንዱ ነበር። ዛሬ የጾሙ መግባት በሬዲዮና በስልክ ይሰማል፤ በከተማችን በመካነ ሰላም ጨረቃዋን ቆሞ የሚጠብቅ ባይኖርም ጾሙ መግባቱ አይቀርም። የኛ ሽማግሌዎች ግን አሁንም ይወጣሉ። ፀሐይ ስትጠልቅ በአባይ በረሃ ላይ አሻግረው ከማዶ ያለውን የጎጃም ተራራ ያያሉ፤ መጀመሪያ ያያት ሰው ዱዓ ያደርጋል፣ ሌሎቹ አሚን ይላሉ። አባቴ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያያት ሰው ነበር። እኔ ባሕር ማዶ ሳለሁ ዓይኑ ደከመ። ደሴ ወስደውት መነጽር ታዘዘለት፤ መነጽሩ የማያቃናውን ድካም ግን ሐኪሙ «ዕድሜ ነው» አለው። ከዚያ በኋላ ጉብታው ላይ መውጣቱን ተወ። «ሰው እያያት እኔ ባዶ ሰማይ ላይ ላፈጥ ነው?» ይላል አለችኝ እናቴ በስልክ፤ ሬዲዮው ጨረቃ መታየቷን ሲናገር «አልሃምዱሊላህ» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ያን ቀን ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። አንዲት ነገር ብቻ ተመኘሁ፤ ከጓደኞቹ መሃል ቆሞ በገዛ ዓይኑ አንዴ እንዲያያት።

ችግሩ ካርቶኑ በጉዞ ላይ ሲወረወር መጥቶ ኖሯል። ትልቁ ቱቦ ተርፎ፣ ጎኑ ላይ የምትቀመጠው ትንሿ መፈለጊያ መነጽር ከነማቀፊያዋ ተሰባብራለች። ለማያውቅ ሰው ትንሽ ነገር ይመስላል። ትልቁ ቴሌስኮፕ ግን የሚያሳየው ቁራጭ ሰማይ ነው፤ ያለ መፈለጊያ በሱ ጨረቃን መያዝ በቁልፍ ቀዳዳ እያዩ ገበያ ውስጥ ሰው እንደ መፈለግ ነው። መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ሽቦ ከሚገባበት ፕላስቲክ ቱቦ ቁራጭ ቆርጬ ጎኑ ላይ በፕላስተር አሰርኩና በሱ እያነጣጠርኩ ታገልኩ። ጨረቃ ጥቂት ቀን ሆኗት ከፍ ባለችበት አንድ ምሽት፣ ስድቤን ሁሉ ከጨረስኩ በኋላ ገባችልኝ። እየጮህኩ አባቴን ጠራሁት።

አብሮት የልጅነት ጓደኛው ነበር። ጎረቤታችን ነው፣ ክርስቲያን ነው፤ ጨረቃ የማየት ቀን ግን ከሙስሊሞቹ ጋር ጉብታው ላይ ሳይወጣ ቀርቶ አያውቅም፣ ምላሱም «ወላሂ»ና «አብሽር» ማለት የለመደ ነው። አባቴ ጎንበስ ብሎ አየ። ቀና አለ። ደግሞ ጎንበስ አለ።

«ይቺማ የኔ ጨረቃ አይደለችም» አለ።

«አባ፣ ያቺው ናት እኮ!»

«ቀንዶቿ ቁልቁል ናቸው። ውሃዋን ደፍታለች። እኔ ጨረቃ ሳይ ኖሬ እንዲህ ተደፍታ የወጣችበትን ቀን አላውቅም።»

በኛ ሰማይ አዲስ ጨረቃ እንደ ሳህን ተቀምጣ፣ ቀንዶቿን ወደ ላይ አድርጋ ነው የምትታየው። አባቴ ከቀንዶቿ ዘመም ማለት ዝናቡንም የከብቱንም ነገር ያነባል፤ ትክክል ይሁን አይሁን አላህ ይወቀው፣ እሱ ግን ፊቷን እንደ ሰው ፊት ያውቀዋል። ቴሌስኮፑ መስታወት ስላለው ምስሉን እንደሚገለብጠው አስረዳሁት።

«ታዲያ ግልብጧን አይቼ አየሁ ልበል? በሐሰት ዱዓ ላድርግ?»

«እንግዲያው አንተ ተገልበጥና እያት!» አለ ጓደኛው። እኔ ሳላስበው ሳቄ አመለጠኝ። አባቴ አልሳቀም፤ ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ቤት ገባ።

በጣም ተናደድኩ። ባሕር ተሻግሬ የተሸከምኩትን ዕቃ እንደ አሮጌ ድስት ትቶት ገባ! ንዴቴ ሲበርድ ግን እውነቱ እሱ ጋ እንደሆነ ገባኝ። እሱ የሚፈልገው ትልቅ ጨረቃ አይደለም፤ የሚያውቃትን ጨረቃ ነው። እኔ ደግሞ ያሰብኩት ስለ ትልቅነቷ ብቻ ነበር።

ታናሽ እህቴ አሁንም እዚያው ዓረብ አገር ናት። አንዲት መፈለጊያ ፈልጊልኝ ብዬ የድምፅ መልእክት ላክሁላት። በዕረፍት ቀኗ ሱቅ ገብታ መለሰችልኝ፦ «እታለም፣ ሻጩ ቀይ ነጥብ ያላትን ውሰጂ ይላል፤ ሁሉም የሚወዳት እሷን ነው።» ቀይ ነጥብ ያላትን አውቃታለሁ። ሰማዩን እንዳለ ታሳይና መሃሉ ላይ ቀይ ነጥብ ታኖራለች እንጂ ምንም አታጎላም። ደህና ዓይን ላለው ሰው ጥሩ ናት፤ አባቴ ግን ነጥቧን አይቶ ጨረቃዋን ያጣታል። አይሆንም አልኳት። ቀጥ ያለችውንና የምታጎላዋን በፎቶ አሳየችኝ፤ እሷ ደግሞ እንደ ትልቁ ትገለብጣለች። እሷም አይሆንም። «ኧረ እቴዋ! ሙሽራ እንኳ እንዲህ አይመረጥም!» ብላ ተቆጣችኝ። ከዚያ ሳቅ እያለች «አንዲት አንገቷ የቆለመመ አለች፣ የተሰበረች ነው የምትመስለው» ስትለኝ፣ ምናልባት የተገለበጠውን መልሳ የምታቃናው እሷ ትሆናለች ብዬ አሰብኩ።

«እሷን ይዘሽ ወደ በሩ ውጪ» አልኳት። «ከመንገዱ ማዶ የሱቅ ጽሑፍ ካለ አንብቢባት። ቀጥ ብሎ ከተነበበ ግዢያት፤ ከተገለበጠ ወይ ግራና ቀኙ ከዞረ ተያት።»

ጥቂት ቆይቶ ድምጿ መጣ። «የፀጉር ቤት ነው! ስልክ ቁጥሩን ሳይቀር አነበብኩት!»

መነጽሯን ወደ አገሯ የምትገባ የአቀስታ ልጅ ይዛልኝ መጣች፤ እኔም አቀስታ ድረስ በሚኒባስ ሄጄ ተቀበልኳት። የአቀስታ ብርድ አጥንቴ ድረስ ቢገባም ስመለስ መንገዱን ሁሉ ጉያዬ ውስጥ አቅፌያት ነበር። ቤት ደርሼ ከቱቦው ጋር ባስተያያት የእግሯ ቀዳዳ ከድሮው ቀዳዳ ጋር አይገጥምም። አንድ አዲስ ቀዳዳ መብሳት ግድ ሆነ። ብረት በር ከሚሠሩት ጎረቤቶች መሰርሰሪያ ተዋስኩ፤ የብረቱ ብናኝ መስታወቱ ላይ እንዳይወድቅ በቱቦው አፍ እርጥብ ጨርቅ ጠቀጠቅሁና አግድም አስተኛሁት። የሚይዝልኝ ሰው ስፈልግ አባቴ ሳይጠራ መጣ፤ ቱቦውን እንደሚታረድ በግ በሁለት ጉልበቱ አጣብቆ ያዘልኝ። «ደግሞ እንዳትበሺው» ይላል እየደጋገመ፣ እኔ ግን የምበሳው ቀዳዳ ነው። በሁለት ብሎን ጠብቃ ስትቀመጥ ጀርባ ላይ የታዘለች ሕፃን መሰለችኝ።

ከዚያ ማስማማቱ ቀረ። ትልቁን ቱቦ ከሩቁ ሸንተረር ላይ ባለው የስልክ ማማ ጫፍ ላይ አነጣጠርኩ፤ ቀጥሎ በትንሿ እያየሁ፣ በውስጧ ያለው የመስቀል ቅርጽ ክር ያው ጫፍ ላይ እስኪያርፍ ድረስ የጎኗን ብሎኖች አንዱን እያላላሁ ሌላውን እያጠበቅሁ ቆየሁ። ሁለቱ አንድ ቦታ ሲያዩ አባቴን አሳየሁት። የፊቷን ቀለበት ለዓይኑ እስኪጠራ አዞርኩለት። «ማማው ቆሟል» አለ። «ወደ ቀኝ ስገፋው ወደ ቀኝ ታያለች። ይቺ ደህና ናት።» ጉብታው ላይ ትወጣለህ ወይ ብዬ አልጠየቅሁትም። እምቢ እንዳይለኝ ፈራሁ።

የረመዷን ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ጓደኛው ደጃችን ቆሞ ተጣራ። «የኔ ሁዳዴ ገብቷል፤ ና ያንተንም አስገባና አብረን እንራብ!» አባቴ ጋቢውን ደረበ። ከዚያ ዱላውን አንስቶ ወጣ፤ እናቴና እኔ ተያየን።

እኔ ባለ ሦስት እግሩን ማቆሚያ ተሸከምኩ፤ ጓደኛው ቱቦውን ካልያዝኩ ብሎ ተቀበለኝ። ከፊት ስለሄድኩ አያያዙን አላየሁም። ጉብታው ላይ ደርሼ ዘወር ስል ዘመናይ ጀሪካን ይዞ የሚመጣ ይመስላል፤ ትንሿን መነጽር አንገቷን እንደ እጀታ ጨብጦ ቱቦውን በእሷ አንጠልጥሎታል።

«አባባ! እሷ እጀታ አይደለችም!»

«ታዲያ ለምን የእጀታ ቦታ አደረግሻት?» አለኝ ደንግጦ።

መነጽሯ አልተሰበረችም፤ ብሎኖቿ ላልተው ወደ ጎን ዞራለች። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተደርድረዋል። ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ሳትገባ ማንም በቱቦው እንዳያይ፣ ዓይን ታጠፋለች ብዬ አስጠንቅቄ ስለነበር ሁሉም ራቅ ብለው ይጠብቃሉ። ፀሐይ ጠለቀች። አዲስ ጨረቃ ከፀሐይ በኋላ ብዙ አትቆይም። እኔ ብሎኑን እያጠበቅሁ በትንሿ አያለሁ፣ በትልቁ አያለሁ፤ አንዷ ተራራ ስታሳየኝ ሌላው ባዶ ሰማይ ያሳየኛል። ከሰዎቹ እስካሁን ያያት የለም፤ አንዱ «ዛሬ የለችም መሰል» ሲል ሰማሁ። አባቴን በሰው ፊት አውጥቼ ባዶ ላስመልሰው ነው አልኩ በልቤ።

«ዞር በይ እስቲ» አለኝ አባቴ።

«አባ፣ ትንሽ ታገሰኝ፤ ትልቁ ገና አልተስተካከለም...»

«ትልቁን ማን ፈለገው?»

ዱላውን ለጓደኛው ሰጠና ባንገተ ቆልማማዋ ላይ ጎንበስ አለ። ቱቦውን በሁለት እጁ ይዞ ፀሐይ ከገባችበት ጀመረ፤ የተራራውን ጫፍ እየተከተለ ቀስ አድርጎ ወደ ግራ ገፋው፣ ትንሽ ከፍ አደረገው፣ መለሰው። እንደ ለመደው በሬ ታዘዘለት። እኔ እጄን ደረቴ ላይ ጭኜ ቆሜያለሁ። ቱቦው ቆመ። አባቴም ቆመ።

«ተቀምጣለች» አለ። «ቀንዶቿ ወደ ላይ ናቸው። ግራው ትንሽ ዝቅ ይላል። ከተራራው በላይ፣ ከዚያ ጎበጥ ካለው በስተቀኝ እዩ!»

ሁሉም ወዳሳየበት አፈጠጡ። መጀመሪያ ጓደኛው «ወላሂ አየኋት!» ብሎ ጮኸ፣ ከዚያ አንዱ፣ ከዚያ ሌላው። በባዶ ዓይን እንደ ቀጭን ጭረት ነበረች። እኔም አየኋት፤ ወዲያው እንባዬ ሸፈናት። አባቴ ሁለት እጁን ዘርግቶ ዱዓ አደረገ፤ ድምፁ አልተቆራረጠም። ሽማግሌዎቹ አሚን አሉ፣ ክርስቲያኑ ጓደኛውም አሚን አለ። በትልቁም አስተካክዬ ላሳይህ ስለው አባቴ በእጁ ከለከለኝ። ያያት በቅቶት ነበር።

ቁልቁል ስንወርድ ዱላውን መልሶ አልተቀበለም። ሁላችንን ቀድሞ ደጃችን ደረሰ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ኖሯል።

«ታየች?» አለችው።

«ታየች።»

«ማን አያት?»

«እኔ» አላት። «መጀመሪያ ያየኋት እኔ ነኝ።»

እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ ወሰደች። እሱ ለሰላት ውሃ ስጡኝ እያለ ወደ ውስጥ ገባ።