የትርንጎ ሃያኛ ካርድ

ስሜ የተሰፋበት የከፋይ ቦርሳ አለኝ። ቀይ ነው፤ ከመዳፍ ትንሽ ይበልጣል፤ አፉ በክር ተስቦ ይዘጋል። ፊቱ ላይ በቢጫ ክር «ሰብለ» ይላል። መጨረሻዋ «ለ» ትንሽ ጋደል ብላለች፤ ሰፊው ሲሰፋ ዙሪያውን የከበቡት ልጆች እየተጋፉ ክርኑን ስለገፉት ነው። ቤት በቀየርኩ ቁጥር የሚጣለውንና የሚያዘውን ስለይ እጄ ላይ ይገባል። ልጥለው አስቤ አልሆነልኝም። ልጄ «እማዬ፣ ምን ትይዥበት ነበር?» ሲለኝ «ካርድ» እለዋለሁ። ውስጡ ግን እስካለፈው ጥምቀት ድረስ የነበረችው አንዲት ካርድ ብቻ ናት፤ እሷም የኔ አልነበረችም።

ልጅ እያለሁ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ ጎንደር ሰፈራችን ውስጥ ካርድ ያለበት ማስቲካ ይሸጥ ነበር። ማስቲካው ሁለቴ ሲታኘክ ጣዕሙ ያልቃል፤ እኛ የምንፈልገው አብሮት የተጠቀለለውን ካርድ ነው። በእያንዳንዱ ካርድ ላይ የአንድ አውሬ ሥዕል አለ፤ ከላይ ጥጉ ላይ ቁጥር፣ ከታች ደግሞ ኮከቦች። ጀርባው ላይ የተጻፈውን የሚያነብ ስላልነበረ ሕጉን ራሳችን አወጣንለት። ሃያ ካርድ አንድ «ጦር» ነው። ቁጥሩ የአውሬው ጉልበት ነው፤ ኮከቡ ደግሞ ለመዋጋት ከመነሣቱ በፊት ስንት ዙር ተኝቶ እንደሚጠብቅ ይናገራል። በየዙሩ አንድ ካርድ ይወርዳል። እያንዳንዱ ተጫዋች ዐሥር ቆርኪ ነፍስ አለው፤ የነቃ አውሬ ሳይኖረው በተመታ ቁጥር አንድ ቆርኪ ያስረክባል፤ ቆርኪው ያለቀበት ሞተ።

ካርዶቻችንን የምናለብሰው ከደብተር ሽፋን በተቆረጠ ላስቲክ ነበር። ጠርዙን በጧፍ እሳት እናጣብቀዋለን። ዛሬም የተቃጠለ ላስቲክና ሰም አንድ ላይ ሲሸተኝ ያ ክረምት ድቅን ይልብኛል፤ ጭቃው፣ በረንዳው፣ የኔ ዘንዶ። ዘንዶው ባለ አምስት ኮከብ ነበር፤ ጠርዙ ወርቃማ፣ ጉልበቱ ዘጠና። በሰፈሩ ከኔ በቀር ማንም አልነበረውም። ልጆች ሊያዩት ብቻ እቤት ይመጣሉ፤ እኔም በሁለት ጣቴ ይዤ ከሩቅ አሳያቸዋለሁ። ለመንካት የጠየቀ እጁን ታጥቦ ይመለሳል።

ትርንጎ የመጣችው በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ነው። የአክስቴ ልጅ ናት፤ ከዛሪማ ጎንደር ገብታ እንድትማር እኛ ቤት ተቀመጠች። አልጋዬን ተካፈለችኝ፤ ያንን ቻልኩት። እናቴ ግን «ከትርንጎ ተማሪ» ማለት ጀመረች። ትርንጎ ሳትባል ታጥባለች፤ ትርንጎ ደብተሯን አታቆሽሽም፤ ትርንጎ አፍዋን ከፍታ አትስቅም። እኔ ደግሞ በአነጋገሯ እስቅባታለሁ። ለነገሩ ሁሉ «ሸጋ ነው» ትላለች፤ እኛ «ለምን» የምንለውን «ምነው» ትለዋለች። እሷ አብራኝ ትስቃለች። ያ ያናድደኝ ነበር።

ጨዋታውን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ካርዷንም የሰጠኋት እኔ ነኝ፤ በደግነት አይደለም፣ የማልፈልጋቸውን ነው። አይጥ፣ እንቁራሪት፣ ድንቢጥ፣ ሁሉም ባለ አንድ ኮከብ፣ ጉልበታቸው ከዐሥር የማያልፍ። ማስቲካ ስንከፍት አይጥ ከወጣ ቦይ ውስጥ ነበር የምንጥለው። ትርንጎ የጣልነውንም እየለቀመች በቀሚሷ ጫፍ ትጠርገዋለች። አገሯ ሳለች ከአያቷ ጋር ገበጣ ስትጫወት ነው ያደገችው፤ የራሷን ጉድጓድ ብቻ ሳይሆን የአያቷንም ጠጠር ትቆጥር ነበር። እኛ ቤት መሬት ላይ ካርዶቹን ዘርግታ ለረጅም ሰዓት ታያቸዋለች። ከዚያ አንዷን ታነሣና በሌላ ትተካለች፤ ደግሞ ትቆጥራለች። ሁልጊዜ ትቆጥራለች።

አንድ ቀን «እንጫወት» አለችኝ። እየሳቅሁ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያዬ ዘንዶው ሆነ፤ አወረድኩትና ደረቴን ነፋሁ። እሷ አይጥ አወረደች። በሁለተኛው ዙር አይጧ መታችኝና አንድ ቆርኪ ወሰደች፤ እሷም እንቁራሪት ጨመረች። በሦስተኛው ሁለት ወሰደች። የኔ አውሬዎች ሁሉ ግዙፎች ናቸው፤ ሁሉም ተኝተዋል። በአምስተኛው ዙር ዐሥሩም ቆርኪዎቼ እሷ ፊት ተደርድረው ነበር፤ ዘንዶዬ ሊነሣ አንድ ዙር ሲቀረው።

«ዕድል ነው» አልኳት። ደገምን። ሠለስን። በሦስተኛው ካርዶቹን በትኜ ተነሣሁ። ትርንጎ ጎንበስ ብላ ለቀመችና ዘንዶዬን አቧራውን እፍ ብላ ሰጠችኝ፤ «ሸጋ ካርድ ነው፤ ዳሩ ሲነቃ የሚያገኘው የለም» አለችኝ። ሙገሳዋ ከሽንፈቱ በላይ አንገበገበኝ። ከዚያ በኋላ ዘንዶ ለማየት እቤት የሚመጣ ልጅ ጠፋ፤ የሚመጡት ትርንጎ ጦሯን ስትሠራ ለማየት ሆነ። «ይቺን ባወጣ፣ ይቺን ባስገባ?» እያሉ ያማክሯታል። ቅናት ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ካለ ልንገረው፦ ከሆድ በላይ፣ ከጉሮሮ በታች ነው የሚቀመጠው፤ ምግብ ያስጠላል፤ ሌላው ሲስቅ ስላንተ የሚስቅ ያስመስልሃል።

ነሐሴ ገባ፤ ፍልሰታ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ጾመኛ ነው። ቅዳሴ እስኪወጣ ድረስ ሆዳችን ባዶ፣ ትምህርት ዝግ፣ ሰማዩ ዝናብ። ልብስ ሰፊው ጋሼ ታደሰ ከበረንዳው ሥር ተኮልኩለን ስንጨቃጨቅ ሰለቸውና እሱ ራሱ ውድድር አወጣ። ዳኛ እሱ፣ ሕግ አስከባሪ እሱ። ከጨዋታ በፊት የሁለቱንም ጦር ይቆጥራል፤ ሃያ ያልሞላ ወይም ያለፈ ይወድቃል። ላሸነፈው ከቀይ ከፋይ ቁራጭ የካርድ ቦርሳ ይሰፋል፤ ስሙን በስፌት ማኪናው ይጽፍበታል። ያን ቦርሳ እንደፈለግሁት ከዚያ ወዲህ ምንም ነገር ፈልጌ አላውቅም። ሰፈሩ በሙሉ የሚያነበው ስም የኔ እንዲሆን ነበር የምፈልገው።

አንድ ሳምንት ተጫወትን። እኔም ከትርንጎ ሰርቄ ትንንሾቹን ጦሬ ውስጥ ቀላቅዬ ስለነበር እየደማሁም ቢሆን አለፍኩ። እሷ ግን ማንም ከአራት ቆርኪ በላይ አልወሰደባትም። መጨረሻ ላይ ሁለታችን ቀረን፤ ከአንድ ቤት፣ ከአንድ አልጋ። ጨዋታው ሐሙስ ጠዋት ሆነ፤ በማግስቱ ዓርብ ደግሞ እናቴ ልታቆርበን ነበር።

ሐሙስ በጠዋት እናቴ ትርንጎን ወፍጮ ቤት ላከቻት። ጦሯ በወተት ጣሳ ውስጥ አልጋው ሥር ነበር። ከፈትኩት። ጠንካራዋን ልወስድ ፈልጌ አገላበጥኩ፤ ጠንካራ የሚባል ካርድ አልነበራትም። ሃያውም እኛ የጣልነው ነው። ስለዚህ አንዲት አይጥ ብቻ አነሣሁ፤ ጥጓ የተበላ፣ ከቦይ የተለቀመች፣ ጉልበቷ አራት። የሹራቤ እጅጌ ውስጥ ከተትኳት።

ትርንጎ ሁልጊዜ ከጨዋታ በፊት ትቆጥራለች። ያን ቀን ግን ወፍጮ ቤት ሰልፉ አዘግይቷት፣ ጸጉሯ ላይ ዱቄት እንደተነሰነሰ ጣሳዋን አንስታ እየሮጠች መጣች። ጋሼ ታደሰ አውራ ጣቱን በምላሱ አርሶ ቆጠረ። የኔ ሃያ። የሷን ቆጠረ፤ ቆም አለ፤ መነጽሩን አስተካክሎ ደገመ።

«ዐሥራ ዘጠኝ» አለ።

«አያ ታደሰ፣ ትናንት ማታ ሃያ ነበሩ። እኔው ቆጥሬያቸዋለሁ» አለች ትርንጎ።

ከኋላ አንዱ «የዛሪማ ልጅ መቁጠር አትችልም!» ብሎ ጮኸ፤ በረንዳው በሳቅ ሞላ። እሷን! ከሁላችንም በላይ መቁጠር የምትችለውን። ጆሮዋ ሥር ድረስ ቀላች፤ እንደገና ራሷ ቆጠረች። ጋሼ ታደሰ አዘነላትና ወደኔ ዞረ። «ሰብለ፣ ልጄ፣ ተጋጣሚዋ አንቺ ነሽ። እሺ ካልሽኝ ከሌላ ልጅ አንድ ካርድ ትጨምር።»

ሁሉም አዩኝ። ትርንጎም አየችኝ። አይጧ ክንዴን ትቧጥጠኝ ነበር።

«ሕግ ሕግ ነው» አልኩ።

ቦርሳውን እዚያው ሰፋው። አልዋሽም፣ ደስ ብሎኛል። ማኪናው እየጮኸ ስሜን ሲጽፍ ልቤ አብሮ ይመታ ነበር። ትርንጎ እስኪያልቅ ቆማ አየች፤ ከዚያ «ሸጋ ቦርሳ ነው» ብላኝ ዱቄቱን ወደተወችበት ሄደች።

በማግስቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመውጣታችን በፊት እናቴ እንደ ልማዷ «ይቅር ተባባሉ» አለችን። ቂም ይዞ አይቆረብም። ብዙውን ጊዜ እየሳቅን የምናልፋት ነገር ናት። ትርንጎ ግን ቀድማ መጣችና እጄን ያዘች። «ይቅር በይኝ ሰብልዬ። ትናንት በልቤ አምቼሻለሁ» አለችኝ።

ምን እንዳልኳት ታምናላችሁ? «እግዜር ይቅር ይበልሽ» አልኳት። እኔ! ከዚያ «አንቺም ይቅር በይኝ» አልኩ። ዐይኔን አየችኝ፤ ስለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። «እግዜር ይቅር ይበልሽ» አለች።

መንገድ ላይ ቦኖው ጋ ስንደርስ ቆምኩ። ያን ይዤ መቁረብ ፈራሁ፤ እውነቱን መናገርም ፈራሁ። እናቴ ከጎረቤት ጋር ስታወራ ቧንቧውን ከፍቼ አፌን ደቀንኩና ውሃ ጠጣሁ። ቀና ስል ትርንጎ ቆማ ታየኛለች። ለእናቴ «ረስቼ ጠጣሁ» አልኳት። «ዕድሜ ልክሽን እንዲህ ዝንጉ ሆነሽ ልትቀሪ ነው!» ብላ መንገድ ለመንገድ አዋረደችኝ። ትርንጎ ብቻዋን ቆረበች። ስትወጣ እንደ ደንቡ አፍዋን በነጠላዋ ሸፍናለች፤ የሚታየኝ ዐይኗ ብቻ ነበር። እስከ ቤት ድረስ አጠገቤ ሄደች፤ የቆረበ ሰው አፉን ስለማይከፍት አላናገረችኝም፤ ስላላናገረችኝም አመሰገንኩ።

ከዚያ በኋላ ካርድ አልተጫወትኩም። ዘንዶውን ለጎረቤት ልጅ ሰጠሁት። በሚቀጥለው ዓመት ማስቲካው ካርዱን ትቶ በባዶው መጣ፤ ጨዋታውም ተረሳ። አይጧን ቦርሳው ውስጥ ከተትኳት፤ ልመልሳት ብዙ ቀን አሰብኩ፤ የተመቸ ቀን አልመጣም።

ትርንጎ አሁን ደባርቅ የሒሳብ አስተማሪ ናት። ባለፈው ጥምቀት ልጇን ይዛ እኛ ዘንድ መጣች። የኔ ልጅ ካርድ የሚጫወተው በስልክ ነው። ካርዱ አይቀደድም፣ አይርስም፣ ሃያ ይሁን ዐሥራ ዘጠኝ ስልኩ ራሱ ይቆጥርለታል፤ ማንም ከማንም ሊሰርቅ አይችልም። ለትርንጎ ልጅ በኩራት አሳያት። ልጅቷ አየች፤ ሁለት ጥያቄ ጠየቀች፤ ቀጥሎ በጣቷ ትንንሾቹን እየመረጠች በተከታታይ ሁለት ጊዜ አሸነፈችው። ልጄ ስልኩን ሶፋው ላይ ወረወረ። እኔም፣ አርባ ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ሴትዮ፣ ያቺ ከሆድ በላይ ከጉሮሮ በታች የምትቀመጠው ነገር ስትነቃ ተሰማኝ። በዐሥር ዓመት ልጅ ቀናሁ።

አፈርኩ። ተነሥቼ ቦርሳውን ከቁም ሣጥን አመጣሁና ከትርንጎ ፊት ጠረጴዛው ላይ አይጧን አወጣኋት። ላስቲኳ ቢጫ ሆኗል። የተበላው ጥጓ እንዳለ ነው። ትርንጎ አንሥታ አገላበጠቻት፤ ፈገግ አለች።

«ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«ውሃውን የጠጣሽ ዕለት አወቅሁ።»

«ታዲያ እስከዛሬ ለምን ዝም አልሽ?»

ጥያቄው የገረማት ትመስላለች። «ምነው? ይቅር በይኝ አላልሽኝም? ይቅር አልኩሽ እኮ» አለች። በቃ። ለሷ ያን ዓርብ ጠዋት፣ ቤታችን በር ላይ ያለቀ ነገር ነው። እኔ ቤት በቀየርኩ ቁጥር ተሸክሜው ስዞር እሷ ተኝታ ታድር ነበር። እንደገና ቀናሁባት፤ የዚህኛው ግን መድኃኒት ያለውም አይመስለኝም።

የሰረቅኳትን ካርድ ቦርሳው ውስጥ መልሼ ሁለቱንም ልሰጣት እጄን ዘረጋሁ። ትርንጎ አይጧን አወጣችና ቦርሳውን ወደኔ ገፋችው። «ይሄ ስምሽ አለበት፤ ያንቺ ነው» አለችና አይጧን ብቻ ይዛ ልጇን ጠራቻት። «ነይ፣ ያቺ የጎደለችው ተገኘች።»

ዐሥራ ዘጠኙን እስካሁን ማስቀመጧን ያወቅሁት ያኔ ነው። ልጅቷ እየሮጠች መጥታ ካርዷን ተቀበለች። ስሜ የተሰፋበት ቦርሳ ባዶውን እጄ ላይ ቀረ።