የሩፋኤል ዝናብ

«ከቤቴ አልወጣም አልኩ፣ አልወጣም። በሩፋኤል ቀን ከዝናብ የሚሸሽ ሰው የት ታይቷል?» አለች እናቴ፣ ሳፋዋን ጭኗ ላይ አድርጋ።

«እማዬ፣ ዝናቡ ተለውጧል እኮ» አለች ታላቅ እህቴ ሰላም። «አየሩ በሞቀ ቁጥር ብዙ ውሃ ይሸከማል፤ ሲለቀው ደግሞ ባንዴ ነው። በቃ፣ ለዛሬ ኦሎምፒያ ሰፈር፣ እኔ ቤት እደሪ።»

«ደግሞ ሜትሮሎጂ ሆንሽብኝ።»

እኔ በመስኮት ሰማዩን አያለሁ። በኡራኤል በኩል ጠቁሯል። ቤታችን ቂርቆስ፣ ወንዙ ዳር ነው። ግድግዳው ላይ ከጉልበት ከፍ ብሎ የቀረው ቡናማ መስመር ቀለም ብንቀባውም ተመልሶ ይወጣል። እሱን ሳይ የአሥራ አምስት ዓመቴ ጳጉሜ ትዝ አለኝ።

በልጅነቴ የጳጉሜ ዝናብ ካፊያ ነበር፤ ፀሐይ እያየችው ይዘንባል። ጠበል ነው ተብሎ ሁሉም ይታጠብበታል፣ ጥቂቱም ለሊጥ ይቀመጣል። የዚያን ዓመት ሩፋኤል ግን ጠዋቱን ፀሐይ ስታቃጥለን አርፍዳ ከሰዓት ዝናቡ ወረደ። እናቴ ሽሮውን ከእሳት አውርዳ፣ ሳፋ ይዛ ወጣች። ግቢው በሙሉ ተከተላት። ከቆርቆሮው ጩኸት የተነሳ መደማመጥ አልቻልንም። ሸሚዜን አውልቄ እዚያው የፈጠርኩትን ግጥም ስጮህ ውሃው ቁርጭምጭሚቴን አለፈ።

«ዘንድሮስ በረከቱ በዛ» አሉ ጎረቤታችን ጋሽ በቀለ፣ ሱሪያቸውን እየሰበሰቡ። ሳቅን። ወንዙ ሞልቶ መምጣቱን ያወቅነው ቤት ያስቀመጡት ጫማቸው በአጠገባቸው ተንሳፎ ሲያልፍ ነው። ወዲያው የጓሯችን ግንብ ቤቱ ላይ ተደረመሰ። አልጋው፣ የጤፉ ጆንያ፣ ሁሉም ጭቃ ሆነ። ቤቱ እስከ መስከረም መጨረሻ እርጥብ ጤፍ ሸተተ። ሰው ግን አልተነካም፤ ውስጥ ማንም አልነበረማ።

እናቴ ከዚያ ቀን የያዘችው ይህን ነው፦ ሩፋኤል አወጣን። ሰላም የያዘችው የግንቡን መውደቅ ነው። ከዚያ ወዲህ ውሃው ስንቴ ተመላልሷል፣ ስንቴ ጠርገናል። እኔ ሳስበው፣ ያን ያህል ቆመን የሳቅነው የምናውቀው ዝናብ መስሎን ነው።

«እማዬ፣ ያኔ ሩፋኤል ከየት ነው ያወጣን?» አልኳት።

«ከቤት ነዋ» አለች። ሰላምን አየች፣ እኔን አየች። «ነገረኛ።»

የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ቆርቆሮውን መቱ። ነጠላዋን አጣፋች።

«በረንዳሽ ላይ ቆሜ እታጠባለሁ» አለቻት ሰላምን። «ጎረቤትሽ ቢያይም ይይ።»

ሳፋዋን በብብቷ ይዛ ቀድማን ወጣች። በሩ ከኋላችን ተዘጋ።