የጋላክሲ ኤክስሬይና የአጎቴ ጥርጣሬ

አጎቴ በስልክ ሳወራ «ኤክስሬይ» ስል ሰምተው በሽታ የደበቅኳቸው መሰላቸው። ግሪን ቫሊ ራንች የሚባለው ሰፈር፣ ቤታቸው በሄድኩ ቁጥር ፊቴን አተኩረው እያዩ፣ «ከስተሻል። እውነቱን ንገሪኝ» ይሉኝ ነበር።

«ጋሼ፣ የማጠናው እኮ ጋላክሲ ነው። አንድ ጋላክሲ ብዙ ጋላክሲዎች ወደተሰበሰቡበት ሲገባ፣ እዚያ ያለው በጣም የጋለ ጋዝ የጋላክሲውን ጋዝ ይገፍፈዋል፤ ጋላክሲውም አዲስ ኮከብ መፍጠር ያቆማል። የጋለውን ጋዝ የምናየው በኤክስሬይ ነው» ብዬ ፎቶውን አሳየኋቸው።

ፎቶው ላይ ያለውን ሰማያዊ ጭጋግ ብዙ ካዩ በኋላ፣ «ሳንባሽ ይሄ ነው?» አሉኝ።

እስከ መጨረሻው አላመኑኝም። ኦሮራ ሆስፒታል ተኝተው እንኳ፣ ልታያቸው የገባችውን ነርስ ወደ እኔ እየጠቆሙ «መጀመሪያ እሷን እዪልኝ» አሏት።

አርፈው ወደ አኼራ ከሄዱ በኋላ ክፉኛ ሳል ያዘኝ። «ደህና ነኝ» ስል ሁሉም ወዲያው አመነኝ።