ቀለም ቀቢው ሸድሊና ወንድ የሆኑት ቀንድ አውጣዎች

ሸድሊ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጀልባ ሆድ ሲቀባ ኖሯል። ከባሕሩ ጋር በሚገናኘው በቢዘርት ሐይቅ ዳር፣ የእሱ ብሩሽ ያረፈበት ጀልባ ላይ ዛጎልም አረምም ዝር አይልም። ምስጢሩ ቀዩ ቀለም ነው። ቀለሙ ከተከለከለ ቆይቷል፤ ሸድሊ ግን ቀደም ብሎ አርባ ጣሳ ገዝቶ ጓሮው ውስጥ ከዶሮዎቹ ጎን ደርድሮታል። «ሕጉ የሚሠራው ከወጣ በኋላ ለተገዛው ነው» ይላል፣ ማንም ሳይጠይቀው።

አንድ ጠዋት ዶክተር ሲሃም የምትባል የባሕር እንስሳት ተመራማሪ ወደቡ ድረስ መጥታ የባሕር ቀንድ አውጣ የሚለቅምላት ሰው ፈለገች። ሸድሊ ሱሪውን ሰብስቦ ገባና ከግማሽ ቀን በኋላ ግማሽ ባልዲ ይዞላት ወጣ። እሷም እዚያው ጠረጴዛ ዘርግታ፣ ቅርፊቱን በትንሽ መዶሻ እየሰበረች በማጉያ መነጽር ታይ ጀመር።

«ይቺ ሴት ናት» አለች።

ሸድሊ ጎንበስ ብሎ አየ። ቀና ብሎ ዶክተሯን አየ። ደግሞ ጎንበስ አለ።

«ልጄ፣ አልተማርኩም እንጂ ዓይኔስ ደኅና ነው። ይሄ ታዲያ ምንድነው?»

«እሱማ የወንድ ነገር ነው፣ አምሚ ሸድሊ» አለች፣ አጎቴ ማለቷ ነው። «በቅሎባት ነው።»

«በቅሎባት?»

«ከጀልባ ቀለም የሚወጣው መርዝ ነው እንዲህ የሚያደርጋቸው።»

ሸድሊ ስለ ጓሮው ጣሳ ትንፍሽ አላለም። የቀረውን ወሬ ግን ሆዱ መያዝ አልቻለምና ቡና ቤት ገብቶ ዘረገፈው። ከዚያ ወዲያ ሰላም አላገኘም። «ሴቶቻችሁን ከመንገድ አንሱ፣ ሸድሊ ብሩሽ ይዞ መጣ» ይባባሉ ጀመር ዓሣ አጥማጆቹ።

ከሁሉ የባሰው ጎረቤቱ ሙንጂ ነበር። ሙንጂ የስድስት ሴት ልጆች አባት ነው፤ ሚስቱም ሰባተኛውን አርግዛለች። ግራ ቀኙን አይቶ በጓሮ በር ገባ።

«ሸድሊ ወንድሜ፣ አንዲት ጣሳ ሽጥልኝ።»

«ጀልባ የለህ፣ ምን ልታደርገው?»

«የመኝታ ቤቱን በር ልቀባው ነው።»

«ሚስትህ ቀንድ አውጣ ናት እንዴ?»

«ለሠርግ ለብሳ እስክትወጣ ጠብቀሃት ብታውቅ እንዲህ አትጠይቅም ነበር።»

ሸድሊ አባረረው። ይህን ሁሉ የሸድሊ ሚስት ማብሩካ በመስኮት ሰምታለች። ሠላሳ ዓመት በቀለም የጨቀየ ቱታውን ያጠበችው እሷ ናት። መስታወት ፊት ቆማ አገጯን ደባበሰችና ጠራችው።

«እነዚህን ሦስት ፀጉሮች ታያለህ?»

«አያለሁ።»

«እኔ እርጅና ነው ብዬ ነበር።»

በማግስቱ ሸድሊ ዶክተሯ ዘንድ ሄደ። ዙሪያ ጥምጥም ሲሄድ ቆይቶ፣ መርዙ ለሰው ሚስት አገጭም ይተርፍ እንደሆነ ጠየቃት። ሲሃም ሳቋን ዋጥ አደረገችው።

«ፀጉሩስ በእሱ አይመስለኝም። ቱታውን ግን ከእንግዲህ አያሳጥቧቸው።» ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «ቀንድ አውጣዋ ላይ የሚበቅለው ነገር የእንቁላሏን መውጫ ይደፍነዋል። እንቁላሉ ሆዷ ውስጥ ይጠራቀምና ትሞታለች።»

ሸድሊ ልጅ ሳለ እናቱ አንድ ድስት ሙሉ ቀንድ አውጣ ከደጃቸው ድንጋይ ላይ ለቅማ ትመለስ ነበር፣ የጣደችው ውኃ ሳይፈላ። ኋላ ሲጠፉ ሰው በልቶ የጨረሳቸው ይመስለው ነበር።

«ለካ እኔ ነኝ» አለ።

«እርስዎ ብቻ አይደሉም አምሚ፣ ትልልቆቹ መርከቦችም አሉ።»

«መርከቦቹን አላውቃቸውም። ጓሮዬን ግን አውቀዋለሁ።»

የተረፉትን ጣሳዎች ሲሃም በላከችው መኪና ጭኖ፣ መርዝ ወደሚወገድበት ቦታ ሰደዳቸው። ከዚያ ወዲህ ጀልባዎቹን በየሁለት ወሩ ወደ ዳር እየጎተተ ዛጎሉን በእጁ ይፍቅ ጀመር። ትከሻው አለቀ። ባለጀልባዎቹ አጉረመረሙ። አንዷ ጀልባ አረም አብቅላ በበጋው ውድድር መጨረሻ ስትወጣ «እሷም ጢም አወጣች» ብለው ሳቁበት። የሙንጂ ሰባተኛ ልጅም ሴት ሆነችና፣ ጣሳ ነፍጎኝ ነው ብሎ ሙንጂ ዓመት ሙሉ አኮረፈው።

በአምስተኛው ዓመት፣ ብርዱ ጋብ ሲል፣ ሸድሊ ማብሩካን እጇን ይዞ ወደ ውኃው ዳር ወሰዳት። ድንጋዩ ላይ ቢጫማ ስፖንጅ የሚመስል ነገር ተለጥፏል።

«ምንድነው?»

«የቀንድ አውጣ እንቁላል።»

ማብሩካ ዝቅ ብላ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ትከሻህ ያለቀው ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው።»

ያምራል አላለችም። ጫማዋን አውልቃ ከጎኑ ተቀመጠችና፣ ሙንጂ ቀንድ አውጣ ሊለቅም ባልዲ ይዞ ብቅ ሲል፣ ገና ከሩቁ «ዛሬ በሌላ በኩል ሂድ» አለችው።