ከምርቃቱ በላይ የጮኸ አሜን

ቢቸና ውስጥ ለሠርጉም ለልቅሶውም ሞንታርቦ ሳከራይ አረጀሁ። ጆሮዬም አብሮኝ አረጀ፤ ምላሴ ብቻ እምቢ አለች። ለተከራይ ሁሉ የምሰብከው አንድ ስብከት ነበረኝ፦ የድምፅ መለኪያዋን መርፌ አትመኑ፤ መርፌዋ የምታሳየው የድምፁን አማካይ ነው፤ ድምፅ ማጉያውን የሚቀደው ግን ለቅጽበት ዘሎ የሚወጣው ጫፍ ነው። ሰባኪ ራሱን አይሰማም፤ እኔም አልሰማሁ።

ባለቤቴ ባለፈው ክረምት አረፈች። ሞጣ ያገባችው ልጃችን አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ፤ በሠርጓ ቀን እናቷ የመረቀቻትን። በስልኬ ቀድቼው ነበር። ከፍቼ ባዳምጠው ሴትዮዋ ከግድግዳ ወዲያ ሆና የምታወራ ትመስላለች። ድምፁን ስጨምር ደግሞ አንድ በሬ “አሜን” እያለ ያገሳል። በሬው እኔ ነኝ፤ ስልኩ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር።

በግንደወይን በኩል ሞጣ ሄድኩና ከልጄ ጋር የሠርግ ቪዲዮ ከሚሠራ ሰው ቤት ገባን። ድምፁን በኮምፒውተሩ ላይ በሥዕል አሳየን። የእሷ ቃል እንደ ሜዳ ተኝቷል፤ በየመካከሉ የእኔ አሜን እንደ ጮቄ ተገትሯል።

“አባቴ፣ ይኼ ጫፍ ጣሪያውን ነክቷል” አለኝ። “እሳቸውን ከፍ ላድርግ ብል እርስዎ አያሳልፉኝም።”

“እቤትም እንዲሁ ነበር” አለች ልጄ። ሳቅን። እኔ የሳቅሁት እንዳይታወቅብኝ ነው።

ሰውየው አሜኑን ዝቅ ላድርገው ወይስ ልቁረጠው ብሎ ጠየቀኝ፤ ዝቅ ቢልም የተሰነጠቀው ድምፅ እንደማይድን ነገረኝ። በእኛ አገር አሜን ያልተባለለት ምርቃት ሜዳ ላይ ይቀራል። ይህንኑ ልከራከር ጉሮሮዬን ጠረግሁ፤ ከዚያ ልጄን አየኋት።

“ቁረጠው” አልኩ።

ቆረጠው። ሜዳው ከፍ አለ፤ የእናቷ ድምፅ አጠገባችን መጣ። ውለጂ፣ ክበጂ አለች። እግርሽን እንቅፋት አይንካው አለች። ልማዴ ነውና አፌ በራሱ ተከፈተ። ልጄ ዓይኗን ከሥዕሉ ሳትነቅል እጇን አነሳች።

“ተው አባ። አንዴ እንኳ እሷን ልስማት።”

አፌን ዘጋሁ። ባለቤቴ እያንዳንዱን ምርቃት ስትጨርስ ዝም ትላለች፤ የእኔ አሜን የነበረበት ቦታ ላይ ምንም የለም። ያኔ እኔ ጮኼ እስክጨርስ ስትጠብቀኝ ነበር። አሁንም ትጠብቃለች።