ከፋይሉ አናት ያጠፋሁት ስም

የላሊበላ አስጎብኚዎች ማኅበር የስልክ መተግበሪያ እንድሠራለት ሲጠይቀኝ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ዓመት አልሞላኝም ነበር። የፈለጉት የአብያተ ክርስቲያናቱን ካርታ የሚያሳይ፣ በዓላትና አጽዋማት በየዓመቱ መቼ እንደሚውሉ የሚናገር ነው። ካርታውን ራሴ ሠራሁት። የበዓላቱን ስሌት ግን አንድ ሰው ኢንተርኔት ላይ ካስቀመጠው ኮድ እንዳለ ወሰድኩ። ሰውየው በፋይሉ አናት ላይ ስሙንና አድራሻውን ጽፏል፤ ሌላ ሰው እንዲጠቀምበት መፍቀዱን የሚገልጽ መስመር ግን የለም። ጽፌ ልጠይቀው እችል ነበር። አፈርኩ። ባሕረ ሐሳብ የአባቶች ስሌት ነው፣ ባለቤት የለውም ብዬ ራሴን አሳመንኩና ስሙን አጠፋሁት።

አስጎብኚዎቹ ወደዱት። ኔትወርኩ ደካማ ስለሆነ ከስልክ ወደ ስልክ ይቀባበሉት ጀመር። ብዙም ሳይቆይ አንድ የጉዞ ወኪል ድርጅት ለደንበኞቹ ሊያድለው ፈለገና ውል ላከ። ሥራው ሙሉ በሙሉ የማኅበሩ እንደሆነ፣ ሌላ ባለመብት ቢመጣ ተጠያቂው ፈራሚው እንደሆነ የሚል አንቀጽ ነበረበት። በዕድሜ አባቴ የሚሆኑት የማኅበሩ ሰብሳቢ እስክሪብቶ እንደያዙ ወደ እኔ ዞሩ።

«ያንቺው ሥራ ነው አይደል?»

«አዎ ጋሼ።»

ፈረሙ።

በሁለተኛው ሳምንት የድርጅቱ ጠበቃ ደወለ። ባለሙያቸው ያንኑ ኮድ ኢንተርኔት ላይ አግኝቶታል፤ የባለቤቱን የጽሑፍ ፈቃድ ካላመጣን ውሉ ይፈርሳል።

«ባሕረ ሐሳብ የኔ ነው ብሎ የሚከሰን የትኛው መሪጌታ ነው?» አሉ ሰብሳቢው ስልኩን ዘግተው።

«ስሌቱ አይደለም ጋሼ። ለኮምፒውተር እንዲሆን አድርጎ የጻፈው ሰውየው ነው። ፈቃድ ካልሰጠ ደግሞ ማደል አይቻልም።»

«ይህን መቼ አወቅሽ?»

«ያኔም አውቅ ነበር።»

ስልካቸውን ኪሳቸው ከተው ወጡ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አስጎብኚዎቹ ተራ ሊይዙ ሲሰበሰቡ «አንቺው ንገሪያቸው» አሉኝ። ሁሉም ወደ እኔ ሲዞሩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ። ሰብሳቢው ትንሽ ጠበቁኝና ራሳቸው ተናገሩ፤ «የሰው ሥራ ነው፤ በደንብ ሳልጠይቅ ፈረምኩ። ጥፋቱ የኔ ነው። ሁላችሁም ከስልካችሁ አጥፉት።»

«እኔ እኮ ጋሸና ከተማ ላሉት ሾፌሮች ሁሉ አድዬዋለሁ» አለ አንዱ፤ «የጭነት መኪና እያስቆምኩ ላስጠፋ ነው?»

«ጋሼ ደግሞ፣ በስተርጅና ሌብነት ጀመሩ!» አለ ሌላው።

ሳቁ። እሳቸውም ፈገግ ለማለት ሞከሩ። እኔ ከአጠገባቸው ቆሜ ጫማዬን አያለሁ። «እኔ ነኝ» ለማለት ስታገል ተራ የደረሳቸው እንግዶቻቸውን ይዘው ሄዱ።

ለኮዱ ባለቤት የጻፍኩት በዚያው ቀን ነው። ስሙን ማጥፋቴንም አልደበቅኩትም። ፈቃዱን ላከልኝ፤ ውሉ ግን ቀድሞ ፈርሶ ነበር። ጥፋቱ የኔ እንደነበር ለአስጎብኚዎቹ እስካሁን አልነገርኳቸውም። ዛሬም ጥፋተኛ የሚሉት ሰብሳቢውን ነው።